ማሳ

እሑድ ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጉሙን አላወለቀም፣
እኔም ጃኬቴን።
ከግቢው በር ላይ ከፈትኩት ያን አሮጌ ዲኤክስ፣
ያን ሽማግሌ ቤቴን።

ቴፑ ከሞተ ሦስት ወር ሆነው፤
ሐረጎን ስወርድ የምሰማው
የራሴን ፍሬን ነው፣ የተሳፋሪ ሳል ነው።
እንድሪስ ኤሌክትሪሺያኑ፣ "ሺህ ሁለት መቶ፣ ለእጄ ብቻ" አለኝ።
"ለእጅማ እጅ አለኝ" ብዬ ተመለስኩ ቤት፣
ካቻቢቴ ይዤ፣ ፒንሳ ይዤ፣
የጦይባን የሽንኩርት ቢላ ይዤ፣ ሳላስፈቅዳት።

አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ከጎኔ ወንበር ተቀምጧል፣
መንገደኛ ይመስል ቀበቶውን አስሯል።
"የት ልንሄድ ነው?" ስለው፣
"መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው
ባይሄድም ይታሰር" ይላል።

መጀመሪያ ፍሬሙ። በቢላው ጫፍ ፈልቀቅ ባደርገው
ቀጭ!
አንዷ ጥርሱ ተሰበረች፤
የሠላሳ ዓመት ፀሐይ ያደረቃት ፕላስቲክ
እንደ ዳቦ ቆሎ ከመዳፌ ላይ ፈረሰች።
"እንድሪስ ቢሆን..." ሊል አባባ አፉን ከፈተ፣
ዓይኔን አየና ቃሉን መልሶ ከተተ።

ከማርሹ ዙሪያ አራት ብሎን፣ ከሲጋራ መተርኮሻው ኋላ ሁለት።
ከኮንሶሉ ሆድ ምን ምን ወጣ መሰላችሁ?
አምስት ሳንቲም፣ የሱሪ ቁልፍ፣ ግማሽ ማስመሪያ፣
ከእኔ በፊት የነዳው ሰው ያልከፈለው የትራፊክ ቅጣት፣
እና ጥቂት አፈር።
አፈሩን አባባ በሁለት ጣት አሸት አሸት አድርጎ፣
"የቆላ ነው" አለ፤ አልጣለውም።

ቴፑ ወጣ፣ የሽቦ አንጀቱን እየጎተተ።
"ይሄ ቢጫው" አልኩት፣ "መኪናው ቢተኛም አይተኛም፣
ጣቢያና ሰዓት የሚይዘው እሱ ነው፤
ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚነቃው ነው፤
ጥቁሩ ደግሞ ማሳ ነው።"

"ምን አልክ?"
"ማሳ።"

ዝም አለ። ጉሙ በመስታወቱ ላይ ጠብታ ሆኖ ወረደ።
የእሱ ማሳ ከኮምቦልቻ በታች ነበር፣
አራት ጥማድ፣ ማሽላ ሰው የሚያክልበት።
ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል፣
ተሳቢ መኪና ይዞርበታል፤
በዚያ ባለፍን ቁጥር አባባ
ወደ ሌላኛው መስኮት ያያል።

"ይሄኛው የኛ ቃል አይደለም" አልኩ፣ "ከጣሊያን የቀረ የጋራዥ ቃል ነው።"
"ያኛውም የኛ አይደለም" አለ።

ሽቦ ከሽቦ ጠመዘዝኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣
ጥቁሩን ከአንድ ብሎን ስር ከትቼ አጠበቅኩ፣
ቁልፍ አዞርኩ።

ምንም።

ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ቀዩን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው።
ተሳደብኩ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም።
አባባ ጎንበስ አለ፣ ቀበቶው እስከፈቀደለት፦
"ማሳህን የተከልከው ቀለም ላይ አይደለም እንዴ?
ቀለም ላይ ምን ይበቅላል? ፋቀው።"

ፋቅሁት፣ በጦይባ ቢላ፣
ብረቱ ጥርሱ እስኪታይ።

ሰማያዊ መብራት በራ፤ ከውስጥ አንዲት የቻይና ሴት
የማናውቀውን ነገር ተናገረች፣ በትህትና።
"አሜን" አላት አባባ፣ "አንቺስ ደህና?"
ሰዓቱ "አሥራ ሁለት" እያለ ይጠፋል፣ ይበራል፤
በእኛ ቆጠራ ወይ ነግቷል ወይ መሽቷል፤
እውነቱ ግን አራት ሊሆን ነው፣ ቁርስ አልበላንም።

የተሰበረችውን ጥርስ በሱፐር ግሉ አቆምኳት፣
ከላይ የዳቦ ሶዳ ነስንሼ።
ድንጋይ ሆነች። በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኳት።
ከጠቋሚ ጣቴም ትንሽ ቆዳ አስቀረች፣
እንደ መያዣ።

ሁሉን መልሼ ሳስር አንድ ብሎን ተረፈ።
ከየት እንደወጣ እኔ አላስታውስ፣ መኪናውም አይናገር።
አባባ ተቀበለኝና ከኪሱ ጨመረው፣
አፈሩን ካስቀመጠበት።

ከሰዓት ለሙከራ ሐረጎን ወረድን።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ኮንሶሉ ቅጭ ቅጭ ማለት ጀመረ፤
አባባ ምንም ሳይል መዳፉን ጫነበት፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ እስከ ሜዳው።
ሬዲዮኑ የእህል ዋጋ ያነባል፦ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ።
መጋዘኑ ጋ ስንደርስ
ወደ ሌላኛው መስኮት አልዞረም፤
እጁን ዘርግቶ
ድምፁን ጨመረው።